በአንድ ጣባ ለመብላት ጫሞ ድረስ

ቡታጅራ ላይ ዓሣ የሚሸጥ ጠፍቶ አይደለም። ከዝዋይ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ቆሮሶ ነው፣ እሾሁ ከሥጋው የሚበዛ። እኔና ሐጂ ሸምሱ ግን ዓሣ ለመብላት ሁለት ቀን ተጉዘን አርባ ምንጭ ሄደን መጣን። ከተመለስን ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ "መምህር፣ እውነት ነው እንዴ?" እያለ ስላስቸገረኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ሐጂ የቃጫ ነጋዴ ነው። ከእንሰት የሚወጣውን ቃጫ ከጉንችሬና ከእምድብር በወልቂጤ በኩል ያስመጣና፣ ገበያው ዳር ባለችው መጋዘኑ ገመድ እየገመደ ይሸጣል። እኔ የቡኢ ልጅ ነኝ፤ ቡታጅራ ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው የሸበትኩት። ግቢያችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው፤ ሠላሳ ዓመት እንደዚያው ኖረናል። አንተ ነው የምንባባለው።

እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን። ለመስቀል እኔ ቤት ሲመጣ የሚበላውን ጓሮዬ ውስጥ በገዛ እጁ ያርዳል። ለአረፋ እሱ ቤት ስሄድ ደግሞ ከእኛ ወገን አራጅ ተጠርቶ ለእኔ ብቻ የታረደ ይጠብቀኛል። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ በአንድ ሰዓት፣ በሁለት የሸክላ ጣባ ክትፎ ይቀርብልናል። እንጫወታለን፣ እንሳሳቃለን፤ ማንኪያችን ግን ተሻግሮ አያውቅም። ከአንድ ሳህን አብረን የበላነው ሽሮ ነው። በሠላሳ ዓመት የበላነው ሽሮ ቢከመር የዘቢዳርን ተራራ ሳያክል አይቀርም።

ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ በሁለተኛው ጥር፣ ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመቱ እንደተዘጋ፣ ሐጂ በአጥሩ ላይ ጠራኝ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ቀዝቅዞበት ነበር፤ ዓይኑም የቅርቡን በደንብ አያይለትም። ልጁ አዲስ አበባ ሊወስደው የሚቀጥለው ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል።

"መምህር" አለኝ፣ "ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንተን ክትፎ አሸተትኩ እንጂ አልቀመስኩም። ሳልሄድ አንድ ቀን ከአንድ ጣባ እንብላ።"

"በምን ተአምር?" አልኩት።

"ዓሣ አይታረድም። ስለዚህ የአንተም ነው፣ የእኔም ነው። ዓሣ እንክተፍ።"

ሲታሰብ ቀላል ነው። ግን ቆሮሶ ለክትፎ አይሆንም፤ እሾሁን ስትለቅም ይመሽብሃል። ወፍራም ሥጋ ያለው ነጭ ዓሣ የሚባለው ሲሆን የሚገኘው ጫሞ ሐይቅ ነው። ይህን ያወቅሁት ከኤልያስ ነው። ኤልያስ የጋሞ ሰው ነው፤ የመንገድ ሥራ ላይ ሳለ ሁለት ዓመት የጓሮ ክፍሌን ተከራይቶ ኖሯል፤ አሁን ጫሞ ላይ ጀልባ አለው። በስልክ አገኘሁት። "ኑ እንጂ ጋሼ፣ ቤት አለ፣ ጀልባ አለ" አለ። በቃ፣ ተነሣን።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ መናኸሪያ ደረስን። የያዝነው ጓዝ ለሠርግ የሚሄድ ሰው ያስመስለናል። ባለቤቴ ቆጮውን በኮባ ጠቅልላ፣ ሚጥሚጣውን በወረቀት አስራ፣ በኮሰረትና በኮረሪማ የነጠረውን ቅቤ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሞልታ ሰጥታኛለች። ጣባው አዲስ ነው። ከእኔ ቤት ቢሆን የእኔን ሥጋ፣ ከእሱ ቤት ቢሆን የእሱን ሥጋ የነካ ስለሚሆን አብረን ገበያ ወጥተን ነው የመረጥነው። ሐጂ በበኩሉ ራሱ የገመደውን ሰማንያ ክንድ ቀጭን የቃጫ ገመድ በጆንያ ይዟል። ዓሣው የሚወጣው በእሱ ገመድ ካልሆነ አልበላም ብሏል።

የአውቶቡሱ ረዳት ጣባውን ጣሪያ ላይ ካልጫንኩ ብሎ ተከራከረኝ። ጋቢዬን ጠቅልዬበት ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ እስከ መጨረሻው ከዚያ አልወረደም። ጎኔ የተቀመጡ እናት "ሕፃኑ እንዴት ዝም አለ?" ብለው ጋቢውን ገለጥ አደረጉና፣ ጣባውን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ወራቤን አልፈን ሆሳዕና እስክንደርስ አገሩ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ እንሰት፣ ባሕር ዛፍ፣ እንሰት። ሐጂ በመስኮት እያየ "ይሄ ለመፋቅ ደርሷል፤ ያኛው ሁለት ዓመት ይቀረዋል" ይለኛል። ሆሳዕና ለምሳ ወረድን። ሁለት ምግብ ቤቶች ፊት ለፊት አሉ፤ አንዱ የሙስሊም፣ አንዱ የክርስቲያን። እሱ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ ገባን። በር በሩ ላይ ተቀምጠን መንገዱን መሃል አድርገን እየተያየን በላን። አንድ ጊዜ ሥጋውን በሹካ አንሥቶ አሳየኝ፤ ምላሱን ያወጣ ይመስለኛል።

ከሆሳዕና ወዲያ አስፋልቱ ሲመጣ ሲሄድ፣ አቧራውም ሲበዛ፣ ሶዶ አመሻሽ ላይ ገባን። አልጋ ሁሉ ተይዟል። አንዲት የማረፊያ ቤት ባለቤት ባለ አንድ አልጋ ክፍል ሰጡንና ሁለት መሆናችንን ሲያዩ ከራሳቸው ክፍል ፍራሽ አውጥተው መሬት ላይ አነጠፉልን። ሐጂ አልጋው ለአንተ አለ፣ እኔ ለአንተ አልኩ። በመጨረሻ ጣባውን አልጋው ላይ አስተኝተን ሁለታችንም ፍራሹን ተካፈልነው። እራታችን ሽሮ ነበር።

ሰኞ

ከሶዶ አርባ ምንጭ ያለው መንገድ መንገድ ሊባል አይችልም። ጎማ ሁለት ጊዜ ፈነዳ። ሁለተኛው የፈነዳበት ቦታ ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ሙቀቱ የቡታጅራ ሰው የሚችለው አይደለም። ሐጂ ቆቡን አውልቆ አያውቅም፤ እዚያ አወለቀ። አባያ ሐይቅ በግራ በኩል ታየን። ውሃው ቀይ ነው፣ ክረምት ላይ ጎርፍ የወረደበት የጓሮ ጉድጓድ ይመስላል። "ከዚህ ውስጥ ነው የምንበላው?" አለኝ ሐጂ። የእኛ ጫሞ ነው፣ ማዶ ነው፣ ንጹሕ ነው አልኩት። ካርታ ላይ አስተምረዋለሁ እንጂ ዓይቼው አላውቅም።

ኤልያስ መናኸሪያ ጠበቀን። ቤቱ በሙዝ ተከቧል። ሐጂ ገና ከመግባቱ አንዱን ሙዝ ግንዱን በጥፍሩ ጫር ጫር አድርጎ ቃጫውን መረመረ።

"ይሄን አትፍቁትም?" አለ።

"ፍሬውን ነው የምንበላው ሐጂ" አለው ኤልያስ።

"ግንዱንስ?"

"ለከብት እንጥላለን።"

ሐጂ በጣም አዘነ። እኛ አገር የእንሰት ሥሩና ግንዱ ይበላል፣ ቃጫው ይሸጣል፣ ቅጠሉ ይጠቀለልበታል፤ የሚጣል ነገር የለውም። ማታውን ሁሉ ስለዚህ ግንድ አወራ። የኤልያስን ባለቤት ብርቱካንን አንድ ግንድ ቆርጣ እንድትሰጠው ጠየቃት፤ ሳቋን እየያዘች ሰጠችው።

በመረብ የተያዘ ዓሣ መግዛት አይቀልም ወይ የሚል ይኖራል። መረብ ሲያድር ዓሣውም ውስጡ ሞቶ ያድራል። ክትፎ የሚበላ ሰው ደግሞ የሥጋውን ዕድሜ ይጠይቃል። የያዝነውን በያዝንበት ሰዓት መክተፍ አለብን ብለናል።

ማክሰኞ

ጎሕ ሲቀድ ውሃው ላይ ነበርን። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጀልባዋ በቀስታ ትሄዳለች፤ ገመዱ ከኋላዋ ይለቀቃል። ጫፉ ላይ ሽቦ፣ ሽቦው ላይ ከብረት ማንኪያ ተቆርጦ የተሠራ የሚያብረቀርቅ ነገርና መንጠቆ አለ። ማንኪያው ውሃ ውስጥ እየተገለባበጠ ሲጎተት ትንሽ ዓሣ ይመስላል፤ ነጭ ዓሣ ይህን አይቶ አያልፍም። ኤልያስ የተማረው ለማጥመድ ከሚመጡ ፈረንጆች ነው።

እኔ ገመዱን ያዝኩ። ሐጂ ዋና ስለማይችል መሃል ተቀምጦ የጀልባዋን ጠርዝ ግራና ቀኝ ጨብጧል። እኔም አልችልም፣ ግን አልነገርኩትም። ማዶ አዞዎች አሸዋው ላይ ተጋድመዋል። እነሱን ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣል ይባላል፤ እኔ ባላያቸው ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞርን። ማንኪያው አልሰምጥ አለ። ከኋላችን ውሃው ላይ እንደ እንቁራሪት ይዘላል። ኤልያስ ሞተሩን ቀነሰ፣ ጨመረ፤ ለውጥ የለም። ድንጋይ ቢያስርበት መንጠቆውን ይዞ ሥር ገባና ቋጥኝ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ሽቦው ተበጠሰ። የቀረን አንድ መንጠቆ ሆነ።

"ጋሼ፣ ገመዱ ምን ነክቶታል? ውሃ አይጠጣም" አለኝ ኤልያስ።

እጄን አየሁት፤ ያብረቀርቃል። አሸተትኩት፤ መስቀል መስቀል ይላል። ኮሰረት ነው፣ ኮረሪማም አለበት።

"ሐጂ፣ ይሄን ገመድ ምን ቀባኸው?"

"ምን ይቀባል? ቅቤ ነዋ። እንዲለሰልስ።"

"የትኛውን ቅቤ?"

ሐጂ አዞዎቹን ተመለከተ። አርባ ዓመት ሙሉ ገመድ ሲያስረክብ በቅቤ አሽቶ ነው። ማታ ገመዱን ሲፈታ ደርቆ አገኘው፣ ቆርቆሮው አጠገቡ ነበር፣ እጁ የለመደውን ሠራ። ቤት ደርሰን ቆርቆሮውን ብንከፍት ቅቤው ከግማሽ ወርዷል።

ተናደድኩ። በሽማግሌ ላይ እንደማይጮኽም አውቃለሁ፤ ጮህኩ። "ሠላሳ ዓመት ጠብቀን፣ ሁለት ቀን ተጉዘን፣ ክትፎዬን ለገመድ አበላኸው?" አልኩት። ነገ ረቡዕ ነው፣ እኔ እጾማለሁ፤ ቅቤ አልነካም። ዓርብም እንደዚያው ነው፣ ደግሞም ያን ቀን መንገድ ካልጀመርን ቅዳሜ ልጁ መጥቶ አባቱን ያጣል። የቀረን ሐሙስ ብቻ ነበር። እራት ሽሮ ቀረበ። ከአንድ ሳህን ሳንተያይ በላን።

ረቡዕ

ስነቃ ሐጂ ጓሮ ነበር። ከብርቱካን አመድ ለምኖ፣ በገንዳ ውሃ በጥብጦ፣ ሰማንያውን ክንድ በስንዝር በስንዝር እያሸ ያጥበዋል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል። ዓይኑ ስለማያይለት ቅቤው መልቀቁን የሚያውቀው በጣቱ እየዳሰሰ ነው። አጠገቡ ቁጭ አልኩና ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩ።

"አንተ ጾመኛ ነህ፣ ቅቤ ይነካሃል" አለኝ።

"በእጄ አልጾምም" አልኩት።

በሦስተኛው ውሃ ጠራ። ከሙዝ ወደ ሙዝ ወጥረን አሰጣነው፤ የኤልያስ ግቢ በቃጫ ታጠረ። ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። አንዱ ሰው ለበሬው ማሰሪያ ሽጥልኝ አለው። ሐጂ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ገመድ አልሸጥም ሲል ሰማሁ።

ሐሙስ

ገመዱ ሰመጠ። ማንኪያው ከዓይን ጠፋ፤ ገመዱ ብቻ ወደ ውሃው ቀጥ ብሎ ገባ። ሐጂ ዛሬ እኔ ልያዝ አለ። እኔ ከኋላ ቀበቶውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ገደማ ላይ "መጣ" አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ደንበኛ የገባለት ይመስል።

ጀልባዋ ወደ ኋላ ተጎተተች። ገመዱ በሐጂ መዳፍ ውስጥ ሲሮጥ ሲያፏጭ ይሰማኛል፤ የእኔ እጅ ቢሆን ቆዳው ይገፈፍ ነበር። እሱ ግን ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። የሚያየው ነገር የለም፤ በጣቱ ነው። ኤልያስ "በርቱ ሐጂ፣ አይጣደፉ" ይላል። ብዙ ቆይቶ ነጭ ነገር ጀልባዋ ሥር ተገለበጠ። ኤልያስ በጉንጩ ገመድ አስገብቶ ሲያወጣው ጀልባዋ ዘመመች። ከትከሻዬ እስከ ጣቴ ጫፍ ቢለካ ይበልጣል። ሐጂ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው። "አንድ ክር አልተፈታም" አለና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

እግዜር ሥራውን ሲሠራ ሞተሩ ቆመ። ቢጎተትም አልነሣ አለ። ኤልያስ መቅዘፍ ጀመረ፤ መንገዳችን ላይ ጉማሬዎች ስላሉ በሩቅ መዞር ነበረብን። ዓሣው እግሬ ሥር ነበር። መጀመሪያ በጅራቱ ቁርጭምጭሚቴን ይመታኝ ነበር፤ ጉማሬዎቹን ስንዞር ተወኝ።

ዳር ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሐጂ ዙሁር ሊሰግድ ዛፍ ሥር ሄደ። እኔ ጓዛችን ወዳለበት የአጥማጆች ጎጆ ሄጄ ጣባውን ከጋቢዬ ፈታሁት። ሳልሰነጠቅ ደርሻለሁ የሚል መስሎ ታየኝ። ይዤው ስመለስ ዓሣው ኮባ ላይ ተጋድሟል፣ ጉሮሮው ተቆርጧል። አጠገቡ ጀማል የሚባል፣ እዚያ ዓሣ የሚበልት ሰው፣ ቢላዋውን ይጠርጋል። ኤልያስ ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ።

"ጋሼ፣ ሐጂ ቅር እንዳይላቸው ብዬ ጀማልን ጠራሁት። ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ በደንብ አርዶላቸዋል።"

ደግነቱ ነው፤ ሰውዬው ደግ ነው። የሙስሊም ቢላዋ ያረደውን በልቼ አላውቅም፤ አባቴም አያቴም እንደዚያው። ጣባውን መሬት አስቀምጬ ጎኑ ተቀመጥኩ። ሐጂ ሰግዶ መጣ፣ ሁሉን ሰማ። ዓሣውን ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው።

"ዓሣ አይታረድም እኮ የኔ ልጅ" አለው ጀማልን።

"አውቃለሁ ሐጂ። ለአክብሮት ነው ብሎ ለምኖኝ ነው።"

"ስትቆርጠው ይንቀሳቀስ ነበር?"

"ኧረ ደርቋል። ደሙም ረግቶ ነው ያገኘሁት፤ ይኸው ቢላዋዬ።"

ሐጂ ወደ እኔ ዞረ። "መምህር፣ እግርህ ሥር ነበር። መቼ ሞተ?"

"ጉማሬዎቹን ስንዞር።"

"እንግዲያስ ማንም አላረደውም። የሞተ ነገር አይታረድም። ጀማል ሥጋ ነው የቆረጠልን።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልብህ ካልፈቀደ ግን ተወው። አልቀየምህም። ብርቱካን ሽሮ ትሥራልን።"

ሃይማኖቱን የሚያውቀው ሰው፣ የራሱ ወገን ያረደው አልታረደም ብሎ ፈረደልኝ። ለእኔ ሲል ነው።

"ሽሮ ሰልችቶኛል" አልኩት።

ሐጂ ከተፈ። እኔ ቅቤውን አቀለጥኩ። የተረፈው ቅቤ ለአንድ ጣባ ብቻ ነው የበቃው፤ ለሁለት ቢፈልጉትም አይሆንም ነበር። ሚጥሚጣው ገባ፣ ቆጮው ተቆረሰ። የቀረውን ዓሣ ኤልያስና ጀማል ዳር ላይ ጠብሰው በሉ።

እውነቱን ልናገር፤ ከበሬው አይደርስም። ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ውሃ ውሃ ይላል። ግን በላን። ልማድ ክፉ ነው፣ እኔ በእኔ በኩል፣ እሱ በእሱ በኩል እየበላን ጣባው መሃል ላይ የክትፎ አጥር ቀረ። ሁለታችንም አየነው፤ ሁለታችንም ማንኪያችንን አቆምን። ሐጂ ማንኪያውን አስቀመጠ፣ አጥሩን በእጁ ጠቅልሎ አነሣው፣ ወደ አፌ አመጣው። እጁ ገና አመድ አመድ ይሸታል።

ዓርብ ሶዶ ላይ ሐጂ ጁምዓ ሰገደ፤ እኔ የመስጊዱ በረንዳ ላይ ጫማውን ጠበቅሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡታጅራ ገባን። ልጁ መኪናውን አቁሞ በሩ ላይ ይጠብቃል። እሑድ ጠዋት ወሰደው። መጋዘኑ ተዘግቷል፤ አጥሩ አሁንም አለ፣ ከወዲያ የሚጠራኝ ሰው ግን የለም።

ጣባው እኔ ዘንድ ነው። ለፋሲካ ባለቤቴ ጣባ አነሰን ብላ ልታወርደው ስትል ከእጇ ተቀበልኳት። "እሱ ሥጋ አይገባበትም" አልኳት። የእኔም አይገባበትም፣ የማንም። ሐጂ በስልክ ስንነጋገር ከሰላምታው በፊት ስለ እሱ ነው የሚጠይቀኝ።

"ጣባው አለ?"

"አለ። ንጹሕ ነው።"